«ማዋለድ የሴት ሥራ ነው» ላሉህ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ፍሬሽማን ጨርሰህ ዲፓርትመንት ልትሞላ ነው። ሚድዋይፈሪ (የአዋላጅነት ሙያ) እፈልጋለሁ ስትል ጓደኞችህ ሳቁብህ። አባትህ ዝም አሉ። አጎትህ ደግሞ «ይሄን ተፈጥሮ ራሷ ለሴት የሰጠችው ነው» አሉህ። ለምን እንደፈለግከውም ጽፈሃል። እህትህ ስትወልድ ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገቧ ያልተለየው አዋላጅ ወንድ ነበር። እና «ሳይንሱስ ምን ይላል?» ብለህ ጠየቅከኝ።

ጾታ የሰውነት ጉዳይ ነው፦ ክሮሞዞም፣ ሆርሞን፣ የመራቢያ አካል። ሥርዓተ ጾታ ደግሞ ማኅበረሰቡ «ይህ ለወንድ፣ ያ ለሴት» ብሎ የሚያከፋፍለው ነው። መውለድ ከመጀመሪያው ይመደባል። ማዋለድ ግን ከሁለተኛው ነው። የፅንሱን የልብ ምት ማዳመጥ፣ የእናትየዋን ደም ግፊት መለካት፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ማስቆም፣ ሲነጋ ድረስ ነቅቶ መጠበቅ። ከእነዚህ ውስጥ ማህፀን የሚጠይቀው የቱ ነው?

ሽመናን እየው። እኛ ዘንድ ሴቷ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ወንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከነባር ሕዝቦች አንዱ በሆኑት በሆፒዎች ዘንድም በባህላቸው የሚሸምነው ወንዱ ነው። ጎረቤቶቻቸው ናቫሆዎች ጋ ስትሄድ ግን ሽመና የሴት ሙያ ነው። እንግሊዝ እንኳ ወንዶች እንደ ሴቶቹ በአዋላጅነት እንዲሠሩ በሕግ የፈቀደችው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ጋ ደግሞ ቤቱ ወጥ የሚሠራ ወንድ ይሳቅበታል። ያው ሰው ሆቴል ሲቀጠር ሼፍ ይባላል። ይሄ ሁሌም ያናድደኛል።

አጎትህ ጭራሽ ተሳስተዋል አልልህም። ሆርሞን በባህሪያችን ላይ ድርሻ አለው። ግን የምንውልበት ነገርም ተመልሶ ሰውነታችንን ይነካል። ፊሊፒንስ፣ ሴቡ ውስጥ ከ600 በላይ ወጣት ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ወንዶቹ አባት ሲሆኑ ቴስቶስትሮናቸው፣ ማለትም ዋናው የወንድ ሆርሞናቸው፣ በጣም ቀነሰ። በቀን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ልጃቸውን የሚንከባከቡት አባቶች ደግሞ ምንም ከማይንከባከቡት ያነሰ ነበራቸው። የወንድ ሰውነትም ለእንክብካቤ ባዕድ አይደለም ማለት ነው።

የሚከብደው ሌላ ነው። አንዳንድ እናቶች ሴት አዋላጅ ይፈልጋሉ። በሃይማኖት ሊሆን ይችላል፣ በሀፍረትም። እንደ ስድብ አትውሰደው፣ መብታቸው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን በአብዛኛው ሴቶች እንዲሆኑ የተደረገውም ለዚሁ ነው፤ እናቶች ጓዳቸውን ከፍተው የሚያወሩት ለሴት ስለሚቀላቸው። አንተም የተግባር ልምምድ ስትወጣ ይህን ይዘህ ውጣ። ከመንካትህ በፊት ስምህን ንገራት። ምን እንደምታደርግ አስረዳት፣ ፈቃዷን ጠይቅ። መጋረጃውን ዝጋ። ሴት ባልደረባ አብራህ እንድትቆም ጠይቅ። እናትየዋ እምቢ ካለችህ «እሺ እናቴ» ብለህ ባልደረባህን ጥራላት።

በጤና ጣቢያዎቻችን ወንድ አዋላጆች ጥቂት አይደሉም፣ ብቻህን አትሆንም። ያ እህትህን ያዋለደው ሰው አሁንም እዚያው ካለ፣ ቅጹን ሳትሞላ ሂድና አግኘው። ስለ ሌሊት ተረኛነቱ ጠይቀው። ስለ ደመወዙም ሳታፍር ጠይቀው። ሲያዋልድ እናት የሞተችበት ቀን ካለ፣ እንዴት እንዳለፈው ይንገርህ። ከቻልክ አባትህንም ይዘሃቸው ሂድ። የልጅ ልጃቸውን የተቀበለውን ሰው ማመስገን ሳይፈልጉ አይቀሩም።