ሎሚ፣ በረዶና የሽምብራ ውሃ፦ የአንባቢያን የመጠጥ ጥያቄዎች

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ለሥራ ፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ሄጄ ፒስኮ ሳወር የሚሉትን መጠጥ ቀምሼ በጣም ወደድኩት። ቤቴ በጂን ብሞክረው ግን ውሃ ውሃ ይላል፣ አረፋው ወዲያው ይጠፋል፣ እንቁላሉም ይሸታል። የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ሦስቱም ችግሮች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ደስ የሚል ነገር እንንገርዎ። ፔሩዎች ለዚህ መጠጥ የሚጨምቋት ትንሿ፣ ልጣጯ የሳሳ፣ ኮምጣጣ ሎሚ የእኛዋ ሎሚ ናት፤ ዝርያቸው አንድ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ገበያ ላይ የሚበዛው ትልቁ ዘር አልባ ሎሚ ነው፤ መዓዛውም የተለየ ነው። በሎሚ በኩል እንግዲህ ከኒውዮርክ ቡና ቤቶች ይልቅ ለሊማ የሚቀርበው የእርስዎ ጓዳ ነው።

የፔሩዎች የተለመደ ልክ 3 እጅ ፒስኮ (የወይን አረቄያቸው)፣ 1 እጅ ሎሚ፣ 1 እጅ የስኳር ሽሮፕ ነው። ለሁለት ሰው 120 ሚሊ መጠጥ፣ 40 ሚሊ የሎሚ ጭማቂ፣ 40 ሚሊ ሽሮፕና የአንድ እንቁላል ነጭ ይበቃል። ለ40 ሚሊ እንደ ጭማቂነታቸው 3 ወይም 4 ሎሚ ይሄዳል። ሎሚውን እስከ መጨረሻው ጠብታ አይጭመቁት። አጥብቀው ሲጨምቁት ከልጣጩ ዘይት፣ ከነጩ የውስጥ ሽፋን ደግሞ ምሬት ይወጣል። «ሎሚው መረረ» ብለው የሚጽፉልን ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው የሚስቱት። ጭማቂው የዕለቱ ይሁን፤ ያደረ አይሆንም።

አረፋው የሚጠፋው ከሁለት በአንዱ ነው፦ ወይ ከነጩ ጋር ትንሽ አስኳል ገብቷል፣ ወይ ዕቃው ቅባት አለው። ቅባት የእንቁላል አረፋ ጠላት ነው። ዕቃውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው ያድርቁ፤ እንቁላሉንም ከፍሪጅ አውጥተው ለጥቂት ጊዜ ያቆዩት። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ሁለት ጊዜ ይናጡ፤ መጀመሪያ ያለ በረዶ 15 ሰከንድ፣ ቀጥሎ በረዶ ጨምረው 12 ሰከንድ ያህል። ያለ በረዶ ሲንጡ ክዳኑን በደንብ ይያዙ፤ ቅዝቃዜ ስለሌለ አጥብቆ የሚይዘው ነገር የለም፣ ተስፈንጥሮ ግድግዳ ያለብሳል። ሼከር (የመጠጥ መናጫ ዕቃ) ከሌለዎት ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ወይም የብረት ዕቃ ይሠራል። የመስታወት ጠርሙስ ግን በበረዶ ሲመታ ሊሰበር ይችላል።

ውሃ ውሃ ማለቱ የበረዶው ጥፋት ነው። ብዙ ሰው እንዳይቀጥን ብሎ ሁለት ሦስት ፍሬ በረዶ ብቻ ይጨምራል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። ጥቂት በረዶ መጠጡን ለማቀዝቀዝ ራሱ ይቀልጣል። ዕቃውን ሁለት ሦስተኛ ያህል በበረዶ ይሙሉት፤ ብዙው በረዶ እርስ በርሱ ተቀዛቅዞ ቀስ ብሎ ነው የሚቀልጠው። ሳህን ላይ ቆይቶ ላብ ያወጣ በረዶም አይጠቀሙ፤ ከፍሪዘር በቀጥታ ወደ ዕቃው ይግባ። ደግሞ በረዶ ሽታ ይስባል፤ ከዶሮ ወጥ ጎን ክዳን በሌለው ዕቃ ያደረ በረዶ ጂንዎን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል።

ወደ እንቁላሉ ሽታ ስንመጣ፣ መጠጡ በቆየ ቁጥር ሽታው ይጎላል፤ ስለዚህ እንደተቀዳ ይጠጣ። ፔሩዎች አረፋው ላይ 3 ጠብታ መራራ ቅመም የሚያንጠባጥቡትም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አፍንጫ መጀመሪያ የሚያገኘው የእንቁላሉን ሳይሆን የቅመሙን ሽታ እንዲሆን ነው። የታወቀው አንጎስቱራ ነው፤ በ1824 በቬኔዙዌላዋ አንጎስቱራ ከተማ ሲገርት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የቀመመው፣ ዛሬ በትሪኒዳድ የሚሠራ። ካጡት በጣም የደቀቀ ቀረፋ በስሱ ይነስንሱበት።

ጥሬ እንቁላል ለነፍሰ ጡር፣ ለአዛውንትና ሕመም ላለበት ሰው አይመከርም፤ አልኮሉና ሎሚው ጀርሙን ይገድሉታል ብሎ መተማመን ስህተት ነው። በምትኩ ያለ ጨው የተቀቀለ ሽምብራ ውሃ ይጠቀሙ፤ ለሁለት ሰው 40 ሚሊ ያህል። ከሽምብራው ጋር አድሮ ወፈር ያለው የተሻለ አረፋ ይሰጣል። በጾም እንቁላል ለማይነካ ሰውም ይሆናል።

ስለ ጂኑ ደግሞ፦ የፔሩ ፒስኮ ከወይን የሚወጣ፣ የእንጨት በርሜል ያልነካው መጠጥ ነው። ጂን የጥድ ፍሬ ሽታ አለው። የሚያገኙት ጥሩ ጂን ሳወር ነው እንጂ ፒስኮ ሳወር አይደለም፤ ይህን አውቀው ቢጠጡት አያዝኑም። ኡዞ ግን አይሞክሩ፤ ሽታው ሁሉንም ይውጠዋል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ስኳሩ ብርጭቆው ሥር ተቀምጦ ይቀራል። በማር ልተካው ብል ደግሞ ማሩ በረዶው ላይ ተጋገረ።

መልስ፦ ስኳር በቀዝቃዛ አልኮል ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፤ የእኛ ስኳር ደግሞ ፍሬው ትልቅ ነው። አንድ ሲኒ ስኳር በአንድ ሲኒ ሙቅ ውሃ አሟሙተው ያቀዝቅዙት፤ ሽሮፕ ማለት ይኸው ነው። እሳት ላይ አያንተክትኩት፤ ውሃው ተንኖ ይወፍርና ልኩ ይዛባል። በንጹሕ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ከደፈረሰ ይድፉት።

ማሩንም እንዲሁ 2 እጅ ማር በ1 እጅ ሙቅ ውሃ ያቅጥኑት። ከዚያ 60 ሚሊ ጂን፣ 20 ሚሊ ሎሚና 20 ሚሊ የቀጠነ ማር በበረዶ ንጠው በወንፊት ያጥልሉ። በእኛ ምርጫ የትግራይ ነጭ ማር እዚህ ላይ ይበልጣል፤ ጠቆር ያለ ማር ጂኑን ይጫነዋል፣ እሱ ከሩም ጋር ነው የሚስማማው።

በነገራችን ላይ፣ በቤት መለኪያ አይለኩ። አንዱ መለኪያ ከሌላው ይለያል፣ 10 ሚሊ ስህተት ደግሞ ሎሚ ላይ ብዙ ነው። ከፋርማሲ ያለ መርፌ የሚገዛ ባለ 20 ሚሊ ስሪንጅ በርካሽ ይገኛል፤ ልኩም አይዋሽም።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ለእንግዶች በጠጅ ኮክቴል መሥራት ይቻላል? ወይስ ጠጁን ማበላሸት ነው?

መልስ፦ ይቻላል፤ ብቻ ጠጅ ራሱ የተሟላ ነገር መሆኑን አይርሱ። ጣፋጩ ከማሩ፣ ኮምጣጣው ከመብላላቱ፣ መራራው ከጌሾው መጥቷል። ሽሮፕ መጨመር አያስፈልግም። ትልልቅ በረዶ ባለበት ብርጭቆ 90 ሚሊ ጠጅ፣ 30 ሚሊ ጂንና 10 ሚሊ ሎሚ ያድርጉና በማንኪያ ሁለት ሦስቴ ያዙሩት። አይናጡት፤ ጋዝ ስላለው ክዳኑን ይገፋል፣ ጋዙም ይጠፋል። ብርሌም ለዚህ አይሆንም፤ በአንገቷ በረዶ አይገባም።

ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። አሜሪካ ውስጥ የማር ወይን ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ጌሾ አለው ማለት አይደለም። ጌሾ የሌለው ምሬት ስለሚጎድለው ጣፋጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለት ጠብታ አንጎስቱራ ጉድለቱን በጥቂቱ ይሞላል።

ጥያቄ (ከሮም)፦ የእናቴን ጠጅና የመንደራችንን አረቄ በሻንጣ ይዤ መምጣት እችላለሁ?

መልስ፦ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ በላይ ፈሳሽ አብዛኛው አየር ማረፊያ አያሳልፍም፤ ስለዚህ የሚጫነው ሻንጣ ነው ያለው። በአቪዬሽን ደንብ ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ያውም ለሽያጭ በታሸገበት ዕቃ። ከ70 በመቶ በላይ የሆነ ጨርሶ ክልክል ነው። ስለዚህ በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ የቤት አረቄ አይሄድም። ከአውሮፕላን ደንቡ ሌላ የሚገቡበት አገር ጉምሩክ የራሱ ገደብ አለው። በሳዑዲ ወይም በኩዌት ወርደው የሚገቡ ከሆነ ደግሞ ምንም አልኮል አይያዙ፤ ማስገባት ሕግ መጣስ ነው።

ጠጅ ከ24 በመቶ በታች ስለሆነ ያ ገደብ አይመለከተውም፤ ችግሩ ሌላ ነው። መብላላቱን ያልጨረሰ ጠጅ በተከደነ ጠርሙስ ጋዝ እየሠራ ይሄዳል፤ ሻንጣ ውስጥ ሲሞቅ ጠርሙሱን ይሰነጥቃል። የእናትዎን ጠጅ እዚያው ጠጥተው፣ ጌሾውን ደረቁን ቢያመጡና ሮም ላይ ጠጁን ቢጥሉ ይሻላል። ብቻ የደረቅ ዕፅ መግቢያ ደንቡን አስቀድመው ይጠይቁ።

አንድ ከባድ ነገር፦ በጉዞ ላይ መለያ የሌለው ርካሽ መጠጥ አይጠጡ። ሜታኖል (መርዛማ አልኮል) የገባበትን በማሽተትም በመቅመስም መለየት አይቻልም፤ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ ነው የሚመጣው። ከጠጡ በኋላ ዓይን ከደበዘዘ ወይም ብርቱ ማስመለስ ካለ ቶሎ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ስካር ነው ብለው አይተኙበት።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ለማይጠጡ እንግዶችስ?

መልስ፦ ብርዝ። 1 እጅ ማር በ5 እጅ ለብ ያለ ውሃ አሟሙተው ያቀዝቅዙ። ለአንድ ብርጭቆ 100 ሚሊ ብርዝ፣ 15 ሚሊ ሎሚና ቀጭን የዝንጅብል ቁራጭ በበረዶ ንጠው ያጥልሉ፤ አምቦ ውሃውን መጨረሻ ላይ በብርጭቆው ጠርዝ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ብርዙን በዕለቱ ይጨርሱት ወይም ፍሪጅ ያስገቡት፤ ውጭ ሁለት ቀን ከቆየ መብላላት ይጀምራልና ለማይጠጣ እንግዳ አይቀርብም።