«በ18 ወር አርኤን ትሆኛለሽ» አሉኝ፤ ልመዝገብ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዲቪ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ የ6 ዓመት ልጅ አለችኝ። ናርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት ሆኜ ናይት እሠራለሁ፤ አርኤን (ሬጂስተርድ ነርስ) መሆን እፈልጋለሁ። አንድ የግል ትምህርት ቤት «ወረፋ የለም፣ በ18 ወር ትጨርሻለሽ፣ የሎኑን ጉዳይ ለእኛ ተዪው» አለኝ። ክፍያው ከ40 ሺህ ዶላር ያልፋል። እስከ ዓርብ 500 ዶላር አስይዢ ብለውኛል። የካውንቲያችን ኮሌጅ ርካሽ ነው፤ ግን አስቀድመው የሚወሰዱ ኮርሶች አሉት፣ ለመግባትም ውድድር አለ። ጓደኞቼ «ዕድሜሽ እየሄደ ነው፣ ባጭሩ ተገላገይ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዓርብን እርሺው። 500 ዶላሩን አታስይዢ።

ትምህርት ቤቱን አላውቀውም፤ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግን በዚህ ሳምንት ወስኚ የሚል ትምህርት ቤት ሲያጋጥመኝ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነዋ።

እንዳንቺ ሲኤንኤ ነበርኩ። ቶሎ ትጨርሻለሽ ያለኝ የግል ትምህርት ቤት ገባሁ። የመለማመጃ ክፍሉ እስከ ዛሬ አይኔ ላይ አለ። ለ30 ተማሪ አንዲት አሻንጉሊት። የግራ ክንዷ ተቀዶ በፕላስተር ተጠቅልሏል። መርፌ የተለማመድነው እዚያች ክንድ ላይ ነው፤ ተራዬ ሳይደርስ ክላሱ የሚያልቅበት ቀን ይበዛል። ለክሊኒካል (በሽተኛ ዘንድ ለሚደረገው ልምምድ) ሆስፒታል ትሄዳላችሁ ተብለን ነበር። የላኩን ግን እኔ ከምሠራበት ጋር የሚመሳሰል ናርሲንግ ሆም ነው። ማታ ተከፍሎኝ የምሠራውን ሥራ ቀን እኔው ከፍዬ ሠራሁት። ትቼው ወደ አንድ ኮሌጅ ስዛወር ከወሰድኳቸው ኮርሶች አንዱንም አልተቀበሉኝም። ዕዳው ግን አብሮኝ ሄደ። ከፍዬ የጨረስኩት አርኤን ከሆንኩ ከ6 ዓመት በኋላ ነው።

ያኔ ያልገባኝ ይኼ ነው፦ ትምህርት ቤት የሚሰጥሽ ዲፕሎማ ነው። ላይሰንሱን የሚሰጥሽ የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ነው። ቦርዱ የሚሰጥሽ ደግሞ ካጸደቀው ትምህርት ቤት ተመርቀሽ ኤንክሌክስ የሚባለውን የላይሰንስ ፈተና ስታልፊ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን በር ከማንኳኳትሽ በፊት የቦርዱን ድረ ገጽ ክፈቺ። የሜሪላንድ ቦርድ ያጸደቃቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ያወጣል። የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በመጀመሪያ ሙከራ ስንት ፐርሰንት እንዳለፉም ያወጣል። የአንድ ዓመት ውጤት አይበቃሽም፤ ሦስት አራት ዓመት ወደ ኋላ ሂጂ። በአገር አቀፍ ደረጃ በቅርብ ዓመታት አሜሪካ ከተማሩት የመጀመሪያ ጊዜ ተፈታኞች ከ10ሩ 9ኙ ገደማ ያልፋሉ። በየዓመቱ 60 እና 65 ላይ የሚዳክር ትምህርት ቤት ካየሽ እለፊው።

ከፍ ያለ ቁጥርም ያታልላል። አራት ሰው ተፈትኖ አራቱም ካለፉ መቶ ፐርሰንት ይባላል። ደካማውን ተማሪ መንገድ ላይ እያንጠባጠቡ ጎበዞቹን ብቻ የሚያስፈትኑም አሉ። አንቺ «ስንት ገብተው ስንት በጊዜው ጨረሱ?» ብለሽ ጠይቂ። አፋቸው ከተሳሰረ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው።

ሌላው፣ ቦርዱ አጽድቆታል ማለትና አክሬዲቴሽን (የትምህርት ጥራት እውቅና) አለው ማለት ይለያያል። የነርሲንግ ፕሮግራሙ ኤሲኢኤን ወይም ሲሲኤንኢ ከሚባሉት እውቅና ሰጪ ድርጅቶች የአንዱ እውቅና እንዳለው እዪ። ያለዚያ በኋላ ዲግሪሽን ልቀጥል ስትዪ በር ሊዘጋብሽ ይችላል፤ የቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ሆስፒታሎችም ላይቀጥሩሽ ይችላሉ። ኮርሶችሽን ሌላ ኮሌጅ ይቀበላቸው እንደሆነም ያንኑ ሌላውን ኮሌጅ ጠይቂ፤ መልሱን በኢሜል ይስጡሽ።

ክላስ ሳትገቢ ወረቀት እናወጣልሻለን የሚል ከደወለልሽ ስልኩን ዝጊ። ጥር 2023 ፌዴራል መንግሥት ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርስ ዲፕሎማ የሸጡ ትምህርት ቤቶችን አጋልጧል። ሰዉ ለአንዱ ወረቀት ከ10 እስከ 15 ሺህ ዶላር ነበር የሚከፍለው። በዚያ ወረቀት ተፈትነው ላይሰንስ ካወጡት ብዙዎቹ ላይሰንሳቸውን ተነጥቀዋል።

አሁን ወደ ካውንቲሽ ኮሌጅ እንምጣ። የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነርሲንግ የሚሰጠው ታኮማ ፓርክ/ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ነው፤ ደጅሽ ላይ። በዚያ መንገድ የምትይዢው የአሶሼት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ ነው። ኤንክሌክሱ ግን ባችለር የያዙት ከሚፈተኑት ጋር አንድ ነው፤ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ አምስት ሰዓት። ባችለሩን አርኤን ሆነሽ እየሠራሽ ትጨርሺዋለሽ፤ የትምህርቱን ክፍያ የሚያግዙ ሆስፒታሎች ብዙ ናቸው። የካውንቲው ነዋሪ ስለሆንሽ የምትከፍዪው ዝቅተኛውን ነው። ግሪን ካርድ ስላለሽ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ርዳታ ማመልከቻ ሙዪ። ከአገር ቤት የባችለር ዲግሪ ይዘሽ ካልመጣሽና ገቢሽ የሚፈቅድ ከሆነ ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግሥት ርዳታ ልታገኚ ትችያለሽ። የ2025–26 ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው፤ ርዳታ ስለሆነ መልሰሽ አትከፍዪውም።

አስቀድመው የሚወሰዱትን ኮርሶች እንደ መባከን አትቁጠሪያቸው። አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂን አንድ በአንድ ናይት እየሠራሽ መውሰድ ትችያለሽ። እኔ አጥንቶችን የያዝኳቸው ሥራ ላይ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አረጋውያኑን ሳገላብጥ እጄ ያረፈበትን አጥንት በልቤ እጠራው ነበር። ስካፑላ። ኢሊየም። ሳክረም (ከወገብ በታች ያለው አጥንት) ጋ ስደርስ ቆም እላለሁ፤ የአልጋ ቁስል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቆዳው ቀልቶ እንደሆነ በባትሪ አያለሁ። ፈተናው ላይ ያ ጥያቄ ሲመጣ የታየኝ የአንዲት እናት ጀርባ ነው። አንቺም ያ ዕውቀት በእጅሽ አለ።

ክሊኒካል ሲጀመር ግን ናይቱን ተዪው። ብዙ ቦታ ክሊኒካል የሚጀምረው ማለዳ፣ አንቺ ከሥራ በምትወጪበት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሳትተኚ መድኃኒት ይዘሽ በሽተኛ ፊት መቆም የለብሽም፤ ሰው ትጎጃለሽ። ከአሁኑ አለቃሽን ወደ ቅዳሜና እሁድ እንድታዛውርሽ አነጋግሪ። ልጅሽን ማን እንደሚያደርሳትም ከቤተሰብሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

ዕድሜን በተመለከተ፣ እኔ ኤንክሌክስ የተቀመጥኩት በ37 ዓመቴ ነው። ሰኞ ከናይት ስትወጪ ካምፓሱ ጎራ በዪና የአድቫይዘር ቀጠሮ ያዢ። የአገር ቤት ትራንስክሪፕት ካለሽ ኮፒውን ይዘሽ ሂጂ። አናቶሚ አንድ ከመውሰዴ በፊት ምን ይቀረኛል ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ያሉሽንም ጻፊልኝ።