መልስ፦ መሣሪያ የበለጠው ወገን ለምን ይሸነፋል?

ወንድሜ፣ «ብዙ ታንክና አውሮፕላን ያለው ወገን እንዴት ይሸነፋል?» ብለህ ጠይቀሃል። ጦርነቱን ሕዝብ ካላመነበት መሣሪያ ብቻውን አያዛልቅም። ቬትናምን ውሰድ። ጥር 1960 ዓ.ም. አሜሪካን ይወጉ የነበሩት የሰሜን ቬትናም ጦርና ቬትኮንግ የሚባሉት የደቡብ ቬትናም ኮሚኒስት ሽምቅ ተዋጊዎች ከ100 በላይ የደቡብ ቬትናም ከተሞችን ባንዴ አጠቁ። በውጊያው ክፉኛ ተመቱ፤ የያዙትንም መልሰው ተነጠቁ። የአሜሪካ ሕዝብ ግን «ድሉ ቀርቧል» ሲባል ነበር የከረመው። በደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን ባለው የራሱ ኤምባሲ ግቢ ተኩስ ሲከፈት በቴሌቪዥን አየ። እምነቱ ተሸረሸረ። መጋቢት ላይ ፕሬዝዳንት ጆንሰን ለምርጫ ዳግም እንደማይወዳደሩ ተናገሩ።

ዛሬ ቴሌቪዥኑ ኪሳችን ገብቷል። መጋቢት 2014 ዓ.ም. የዩክሬኑ ፕሬዝዳንት ዘለንስኪ ሩሲያን የሚዋጉ ወታደሮቻቸውን «መሣሪያ አስቀምጡ» የሚሉበት የውሸት ቪዲዮ ተለቀቀ። አልሠራም። አሠራሩ ደካማ ነበር፤ ደግሞም መንግሥታቸው «እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል» ብሎ ቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። እኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ይመስለኛል፦ ውሸቱ ከመድረሱ በፊት እውነቱን መናገር።

እኛ ጋ ማን ቀድሞ ይነግረናል? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። አንድ ማታ ታክሲ ውስጥ የሬሳ ፎቶ ከስልክ ስልክ ዞረ። «የዛሬ ነው» ተባለ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ልጃቸው ወታደር ነው። ስልኩን ሲቀበሉ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ፎቶውን ጉግል ላይ ፈለግኩት፤ የሌላ አገር፣ የቆየ ፎቶ ነው። አሳየኋቸው። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉኝ። በማግስቱ ፌርማታው ላይ ሳገኛቸው ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም ነበር።