ወደ ኋላ እቀራለሁ ብለሽ ለፈራሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ዕድሜዬ 44 ነው፣ ቢሮ ተቀምጬ ነው የምውለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐዋሳ ዙሪያ በእግር ከሚጓዝ ቡድን ጋር መውጣት አማረኝ። ግን ወደ ኋላ ቀርቼ ሰው ባስቸግርስ?» ብለሻል። ብዙዎች ስለ ጫማና ስለ ቦርሳ መለሱልሽ። ጫማው ይደርሳል። እኔ መጀመሪያ ስለ ፍርሃትሽ ልንገርሽ።

እኔም በእግር ጉዞ ስድስት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ቀን የወጣሁት ሐዋሳ አጠገብ ወዳለው አላሙራ ተራራ ነበር። ወደ ሠላሳ ሰው እንሆናለን። ዳገቱ ገና ሲጀምር ወጣቶቹ ተፈተለኩ፤ የእኔ ትንፋሽ ተቆራረጠ። «ቀስ ብለሽ ድረሺብን» ብለውኝ ሄዱ። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስደርስ ማንም የለም። በግራ ሄድኩ፣ ተሳሳትኩ። ከአንዱ የእንሰት ጓሮ ወደ ሌላው ስዞር ብዙ ቆየሁ። ለመሪው ብደውል አያነሳም። በመጨረሻ አንዲት እናት ከደጃፋቸው ሆነው አዩኝ። አማርኛ ብዙም አይሰሙም፣ እኔም ያኔ ሲዳምኛ አልችልም። ግን ገባቸው። አስቀመጡኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ ቡና አፈሉልኝ። የልጅ ልጃቸው እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። ቡድኑ እንደጎደልኩ ያወቀው መኪና ላይ ሰው ሲቆጠር ነው።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ጥፋቱ የእኔ ጉልበት መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ሰው ወደ ኋላ መቅረቱ ያለ ነው። ብቻውን ከቀረ ግን ጥፋቱ የቡድኑ ነው።

አሁን ያለሁበት ቡድን ከአሥራ አምስት ሰው አይበልጥም። ከፊት መሪ አለ። ከኋላ ደግሞ «ደጀን» የምንለው ሰው አለ። ደጀኑ ማንንም አያልፍም፣ ሽንት ቤት ፈልጎ ዞር ያለ ሰው ቢኖር እንኳ ቆሞ ይጠብቃል። መንገድ በተከፈለ ቁጥር መሪው ደጀኑን በዓይኑ ሳያይ አይንቀሳቀስም። አንድ ደንብ ደግሞ አለን፣ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ ዕረፍት የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ነው። በሌላ ቦታ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ፈጣኖቹ ቁጭ ብለው ቆሎ ይበላሉ፣ ደካማው ሲደርስ «በሉ እንነሳ» ይባላል። ማረፍ የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ ይቀጥላል ማለት ነው። ጉልበቱ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። ከኋላ የሚሄደው ማን ነው? ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ዳገቱስ ምን ያህል ነው? (ኪሎ ሜትሩ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። በሐይቁ ዳር አሥር ኪሎ ሜትርና በአላሙራ አሥር ኪሎ ሜትር አንድ አይደሉም።) ሰው ቢደክም በየት በኩል ይመለሳል? መልሱ «አይዞሽ፣ ትችያለሽ» ብቻ ከሆነ ሌላ ቡድን ፈልጊ።

እስከዚያው ለብቻሽ ተለማመጂ። በሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው መናፈሻ እስከ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲፈቱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ እያየሽ መንገዱ ሳይታወቅሽ ያልቃል። ሁለት ሦስት ሳምንት እንዲህ ከሄድሽ በኋላ የታቦርን ኮረብታ ሞክሪ። ከተማ ውስጥ ነው፣ ቢደክምሽ ቤትሽ ቅርብ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ቢያጥርሽ አትደንግጪ። ከጎንሽ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተሽ ፈጥነሻልና ቀነስ አድርጊ።

ጫማ ውድ መሆን የለበትም። ብቻ አዲስ ጫማ አድርገሽ እንዳትመጪ፣ ሳምንት ቤትና ሰፈር ውስጥ አላምጂው። የእግር ጥፍርሽን ከዋዜማው ቁረጪ፤ ቁልቁለት ላይ ጣት የሚያቆስለው ረጅም ጥፍር ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ዱላ ያዢ። ሁለት ሊትር ውሃ፣ ቆሎ ወይም በሶ፣ ኮፍያ። በቃ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ አባላት ስላሉን የዚያን ጊዜ ጉዞ እናሳጥራለን፣ ዳገትም አንመርጥም። አንቺም ጿሚ ከሆንሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሐይቁን በሚመለከት ሁለት ነገር አደራ። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ጉማሬ አለ። ማታ ለግጦሽ ይወጣል፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል። ስለዚህ በጨለማ በዚያ ዳር አትሂጂ፤ በጉማሬና በውሃው መካከል በፍጹም አትቁሚ። ደግሞም እግሬን ላብርድ ብለሽ ሐይቁ ውስጥ አትግቢ፣ በቆዳ በኩል የሚገባ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለበት። እግር ለማሳረፍ ወንዶ ገነት ይሻላል። ከጉዞ በኋላ ፍል ውሃው ውስጥ የተቀመጥኩበትን ቀን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፣ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ።

የምንሄድበት መንገድ ደግሞ የሰው ደጅ ነው። በእንሰቱ መሃል ስናልፍ በአንድ ቤተሰብ ጓሮ እያለፍን ነው። በሲዳምኛ ሰላም ማለት ተማሪ። ሳትጠይቂ ልጆች ፎቶ አታንሺ፣ ከረሜላም አትበትኚ፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፍ ሁሉ ይለመናል። ከደጃቸው አቮካዶ የሚሸጡ ካሉ ግዢ። ያቺን ቡና ያፈሉልኝን እናት አሁንም በዚያ ባለፍን ቁጥር ስኳር ይዤ ገብቼ እጠይቃቸዋለሁ። መላው ቡድን ያውቃቸዋል።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ከፍቅር ሐይቅ ተነስተን በሐይቁ ዳር እንሄዳለን። ዳገት የለውም፣ መጨረሻው አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ነው። የሳምንቱ ደጀን እኔ ነኝ። ብትመጪ ከማንም ኋላ የምሄደው እኔ ነኝና አንቺ መጨረሻ አትሆኚም።