ላይኛው ፎቅ ወይስ ግቢ? ቤት ለምትፈልጉ ልጆቼ

ልጆቼ፣

34 ዓመት ሙሉ የሠራሁት በሕንፃ የውሃና የፍሳሽ መስመር ላይ ነው። ብዙ ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ፣ ብዙ ምድር ቤት ገብቻለሁ። ሰው አንድ ሕንፃ ሲያይ መስታወቱን ያያል። እኔ የማየው ከላይ ያለውን ሮቶና ከታች ያለውን ፓምፕ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ይህ አመል አልለቀቀኝም።

ባለፈው ወር የወንድሜ ልጅ ከባለቤቷ ጋር ሁለት ፕላን ይዛ መጣች። አንዱ 12ኛ ፎቅ ላይ፣ ከሕንፃው ጫፍ ያለ ቤት፣ ፔንትሀውስ የሚሉት ነው። ሰፊ ቴራስ አለው። ሻጮቹ በሰጧቸው ሥዕል ላይ ከሳሎኑ እንጦጦ ይታያል። ሌላው ከመሀል ከተማ ራቅ ብሎ 150 ካሬ ላይ ያረፈ ትንሽ ቤት ነው። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። «አክስቴ፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትገዢ ነበር?» አለችኝ። ቡናው በረካ ደርሶም ወሬያችን አላለቀም። የነገርኳቸውን ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ነው ዛሬ የተነሳሁት።

በእኛ ከተማ፣ በአዲስ አበባ፣ ላይኛው ፎቅ የተወደደው በቅርቡ ነው። ኮንዶሚኒየም በ1990ዎቹ መጨረሻ መሠራት ሲጀምር አብዛኛው ብሎክ ከምድር በላይ አራት ፎቅ ነበር። ሊፍት የለውም። ዕጣ ወጥቶለት አራተኛ ፎቅ የደረሰው ሰው በደስታው መሀል ደረጃው ትዝ ይለዋል። «ምነው ምድር በሆነልኝ!» ይላል። ዛሬ ያው ላይኛው ፎቅ ከሁሉ ውድ ሆኗል። ምን ተለወጠ? ሊፍት ገባ። በሌላውም አገር የሆነው ይኸው ነው። ፓሪስ ውስጥ ሊፍት ከመምጣቱ በፊት ከጣሪያ ሥር ያሉት ጠባብ ክፍሎች የቤት ሠራተኞች ማደሪያ ነበሩ።

እንግዲህ ፔንትሀውስ ስትገዙ መጀመሪያ የምትገዙት ሊፍት ነው። ቀጥሎ ፓምፕ፣ ቀጥሎ ጣሪያ። እንጦጦ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ሦስቱም ደግሞ የብቻችሁ አይደሉም።

ውሃው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሙያዬ ነው። ታንከሩ ጣሪያ ላይ ከሆነ የቧንቧችሁን ግፊት የሚወስነው ከታንከሩ በስንት ሜትር ዝቅ እንዳላችሁ ነው። 10 ሜትር ዝቅ ስትሉ 1 ባር ግፊት ታገኛላችሁ፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ለጥሩ ሻወር 1 ባር ገደማ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤት 30 ሜትር ያህል ታች ስለሆነ ውሃው በኃይል ይመጣለታል። እናንተ ከጣሪያው ሥር ያላችሁት ግን ከታንከሩ 2 ወይም 3 ሜትር ብቻ ነው ዝቅ የምትሉት። 0.2 ወይም 0.3 ባር ማለት ነው። ከሕንፃው ነዋሪ ሁሉ ብዙ የከፈለው ሰው ደካማውን ሻወር ያገኛል። ይህ የማይሆነው ለላይኛው ፎቅ የሚሆን የግፊት ፓምፕ ለብቻው ከተገጠመ ነው። ያንን ፓምፕ ፕላን ላይ አስገብቼ «ወጪ ይቀንስ» ተብሎ ሲሰረዝ ያየሁበት ጊዜ ትንሽ አይደለም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፓምፕ ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። የከተማው ውሃ በብዙ ሰፈር በፈረቃ ነው። ከለገዳዲ ግድብም ይምጣ ከአቃቂ ጉድጓዶች፣ መጀመሪያ የሚገባው ከታች ያለው ታንከር ውስጥ ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ፓምፕ ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ካጣ ምድር ላይ ውሃ እያለ እናንተ ጋ አይኖርም። አራት ሰው ቆጥቦ በቀን 300 ሊትር ቢጠቀም 15 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። አንዱ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። 12ኛ ፎቅ ለመድረስ ከ200 በላይ የደረጃ እርከን አለ። ለማስፈራራት አይደለም። በደንብ የተሠራና በደንብ የተያዘ ሕንፃ ይህን ሁሉ ችሎ ይኖራል። ግን የሚይዘው ማነው?

ጣሪያውንም አስቡት። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። 200 ካሬ ሜትር ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ 240,000 ሊትር ውሃ ይሆናል። በበጋ ደግሞ ቀን ፀሐዩ ኮንክሪቱን ያግለዋል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ይሰበስበዋል። ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ውሃ የሚከላከለው ልባስ ይሰነጠቃል። የእናንተ ኮርኒስ ያለው ከዚያ ሥር ነው።

በአዋጅ ቁጥር 370/1995፣ በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጁ ማለት ነው፣ ከየራሳችሁ ቤት ውጭ ያለው የሕንፃው ክፍል የጋራ ነው። ጣሪያው፣ ደረጃው፣ ሊፍቱ። የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው። አሁን ሁለተኛ ፎቅ ያለውን ሰው አስቡት። ጣሪያው ቢያፈስ እሱ ጋ አይደርስም። ሊፍቱ ቢቆም በእግሩ ይወጣል። መዋጮውን ለመክፈል ምን ያስቸኩለዋል? የሚቸኩለው ከላይ ያለው ነው። ችግሩ የእናንተ፣ ውሳኔው ግን የሁሉም ነው። ብዙ ወጣቶች ይህን የሚያውቁት ቁልፉን ከተረከቡ በኋላ ነው።

እኔም አላወቅሁትም ነበር፤ መሐንዲስ ሆኜ። ከባለቤቴ ጋር ስድስት ዓመት 9ኛ ፎቅ፣ ከጣሪያ ሥር ኖረናል። ጠዋት መስኮት ስከፍት የረርን አይ ነበር። ውበቱን አልክድም፤ ዛሬም ይናፍቀኛል። እናቴ ከእኛ ጋር ነበረች፤ 78 ዓመቷ ነው ያን ጊዜ። አንድ ክረምት ሊፍቱ ተበላሸ። መለዋወጫው ውድ ነበር፤ ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ የወር መዋጮውን ሳይከፍል ከርሟል። ስብሰባ ተጠራ፣ ሰው አልሞላም። ሌላ ቀጠሮ ተያዘ። ሊፍቱ ሳይሠራ 23 ቀን ሆነው። በመሀሉ የእናቴ የደም ግፊት ቀጠሮ ደረሰ። የጎረቤት ልጆች በወንበር ተሸክመው አወረዷት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በየፎቁ እያሳረፉ፣ እያጫወቱ ነው የወሰዷት። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ሊፍቱ ተሠራ። እናቴ ግን ብቻዋን መውረድ ተወች። «መሀል ላይ ቢቆምብኝስ?» ትላለች። ቅዳሴ ቀረ። የሰፈር ቡና ቀረ። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። እኔ ሥራ ውዬ ስመጣ ከተማውን ሁሉ ከላይ እያየች አገኛታለሁ፤ አንድም ሰው ግን አላናገረችም። እይታ የጎደለብን አልነበረም። የጎደለው በር ላይ ወጥቶ «እንዴት አደራችሁ» የሚባልበት ደጅ ነው።

በዓመቱ አባቴ ግቢ ውስጥ ያለች ሁለት ክፍል ቤት አድሰን ገባን። እናቴ በርበሬ ፀሐይ ላይ ማስጣት ጀመረች። የመንደሩ ልጆች አያታቸው አደረጓት። ስትሞት ድንኳኑ እዚያው ግቢ ተተከለ፤ እድሩ ወንበሩንና ድስቱን ይዞ መጣ። ኮንዶሚኒየሞች ለዚህ ለዚህ የሚሆን ኮሚናል፣ የጋራ መገልገያ ቤት፣ አላቸው፤ ለቅሶውም ሠርጉም በጉ የሚታረድበትም እዚያ ነው። እናንተ ልትገዙት ባለው ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ አለ? ሻጩን ጠይቁት። ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ አልሰማሁም።

ግቢ ያለው ቤት ግን ዕረፍት ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። እዚያ ማኅበር የለም፤ ሁሉም ነገር እናንተው ላይ ነው። በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ ሌሊት የጎን አጥራችን ተናደ። አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ነው፤ ከሥሩ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አልነበረውም። እኔና ባለቤቴ እስኪነጋ ውሃ ስንቀዳ አደርን። ሴፕቲኩ ይሞላል፣ የፍሳሽ ማንሻ መኪና ወረፋ አለው። አሸንዳው ቅጠል ይይዛል። ዘበኛ ካስፈለገ ደመወዝ አለ። ቤቱ ሩቅ ከሆነ ደግሞ በየቀኑ በትራንስፖርት የምታጡት ሰዓት አለ፤ ይህን ሰዓት ከዋጋው ጋር ደምሩት።

ቢሆንም ማሠራት ስትፈልጉ የማንንም ድምፅ አትጠብቁም። ከ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ በዓመት ከ100,000 ሊትር በላይ የዝናብ ውሃ ይወርዳል፤ አንድ ሮቶ አሸንዳው ሥር ብታስቀምጡ ለልብስና ለአትክልት ይሆናል። ልጅ ስትወልዱ አንድ ክፍል መጨመር ይቻላል፤ ፈቃዱን በሥርዓቱ አውጥታችሁ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

መሬቱ የእኛ ነው እንዳትሉ ግን አደራ። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። ቪላም ግዙ ፔንትሀውስ፣ የምትይዙት ቤቱንና የቦታውን የመጠቀም መብት ነው። ለዚህ ነው ካርታውን፣ የሊዝ ክፍያው የደረሰበትን፣ ሰፈሩ በከተማው ፕላን ላይ ለምን እንደተመደበ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ የምለው። በደላላ ቃል ብቻ እንዳትሄዱ። ቴራሱም «የእናንተ ነው» ከተባለ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ስለ መሬት መንቀጥቀጡ የሚጠይቁኝ አሉ። በታኅሣሥ 2017 ከአዋሽና ከፈንታሌ አካባቢ የመጣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ከላይ ያሉት ከታች ካሉት ይልቅ ተሰምቷቸዋል። ረጅም ሕንፃ ከላይ ይበልጥ ይወዛወዛል፤ ያ ብቻውን ደካማ ነው አያሰኘውም። የሕንፃው ስትራክቸር ዲዛይን ለመንቀጥቀጥ ታስቦ እንደሆነ ግን ባለሙያ ይዛችሁ ጠይቁ።

ውጭ ያላችሁ ልጆቼ፣ ከዱባይም ከዋሽንግተንም የምትልኩ፣ ለእናንተ አንድ ነገር አለኝ። ብዙዎቻችሁ ለወላጆቻችሁ ነው የምትገዙት። በስልክ የሚላክላችሁ ሥዕል ኮምፒውተር የሠራው ነው። የላይኛውን ፎቅ የምትመርጡት ለእነሱ ክብር ብላችሁ መሆኑን አውቃለሁ። ከመክፈላችሁ በፊት እናታችሁን ጠይቋት። ጉልበቷን ጠይቋት። ጓደኞቿ እንዴት እንደሚመጡላት ጠይቋት።

ለወንድሜ ልጅ የመለስኩላትን ልንገራችሁ። ልጅ ካላችሁ ወይም ወላጅ የምትጦሩ ከሆነ ግቢው፣ ትንሽም ቢሆን፣ ሩቅም ቢሆን። ሁለታችሁም እስከ ማታ የምትሠሩ፣ ብዙ የምትጓዙ ከሆናችሁና ማኅበሩ በትክክል የሚሠራ ከሆነ ከላይ መኖር ይቻላል። እኔን ሕንፃ ውስጥ ኑሪ ብትሉኝ ግን ሦስተኛ ፎቅ ነው የምመርጠው። ውሃው በግፊት ይመጣል፣ በእግር ይወጣል፣ ከታች የሚጫወቱት ልጆች ድምፅ ይሰማል።

እነሱ ያሰቡት የፔንትሀውሱ ሕንፃ አልቆ ሰው ገብቶበታል፤ ያልተሸጠው ላይኛው ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ አልኳቸው። ፀሐይ በወጣበት ቀን ከሻጩ ጋር አትሂዱ። ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ውሃ በሚጠቀምበት ሰዓት ሂዱ። ዘበኛውን አጫውቱት፤ ሊፍቱ መቼ እንደቆመ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የማኅበሩን ሒሳብ ለማየት ጠይቁ። ባንክ ውስጥ የጥገና ገንዘብ ከሌለ ጥገና የለም ማለት ነው። ኮርኒሱ ማዕዘን ላይ ቢጫ ክብ ካለ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ቢሆንም፣ በእጃችሁ ዳስሱት። ከዚያ በደረጃ ውጡ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእግራችሁ።

ትናንት ማታ ደወለችልኝ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አክስቴ፣ 12ኛ ደርሰናል። ባልዲ ይዘናል።»

«የሻወሩን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ክፈቺው» አልኳት።

ስልኩን አስጠጋችልኝ። ባዶው ባልዲ ሥር ላይ ውሃው ሲያርፍ ይሰማኛል። ባለቤቷ ከጎን ሰከንዱን ይቆጥራል። ሠላሳ አለ፣ አርባ አለ፣ ስልሳ አለ።

«ግማሽ ደረሰ?» አልኳት።

«ገና ነው» አለች።