አመለጠች ወይስ ተረፈች?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ለአገር ውስጥ ጎብኚዎች ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ላይ «ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከድርቡሽ እሳት አመለጠች» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ተረፈች በል እንጂ» ብሎ ሞገተኝ። ልዩነት አላቸው? ሸሸን፣ ጠፋን፣ ለቀቀንስ የት የት ላግባቸው?

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው።

አመለጠ ለማለት ያዥ ወይም አባራሪ ያስፈልጋል። የተያዘው ደግሞ በጉልበቱ ወይም በዘዴው ከእጅ ይወጣል። ሌባ ያመልጣል፣ በሬ ያመልጣል። የደባርቅ መኪና እንኳ ሲያመልጥህ «አመለጠኝ» የምትለው ልትይዘው ስትሮጥ ስለነበር ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን የትም አልሄደችም። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች፣ ማለትም የሱዳን መሐዲስቶች፣ ከተማዋ ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ እሷ እዚያው ቆማ ቀረች፤ ንብ ተነሥቶባቸው ነው የሚለውን ታሪክ መቼም አንተ ለጎብኚ ስትተርክ ነው የምትውለው። ባለበት ሆኖ የዳነ ተረፈ ይባላል። በዚያ ላይ ተረፈ ያለቁትንም አብሮ ያነሣል፤ ሌላው ሳያልቅ ትራፊ የለምና። አመለጠች ስትል የተቃጠሉት ከታሪኩ ይወጡብሃል።

ሸሸ መጨረሻውን አይነግርህም። «ሸሸ፣ ግን አላመለጠም» ምንም የማይወጣለት ዓረፍተ ነገር ነው። «አመለጠ፣ ግን አልሸሸም» ብትል ሰሚው «እንዴት አድርጎ?» ይልሃል፤ ተደብቆ ወይ አሳዳጁን አታሎ መሆን አለበት። ደግሞ ማንም ሳይዝህ መሸሽ ትችላለህ። ወረርሽኝ ገባ ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ይሸሻል፣ አመለጠ የሚባለው ግን በሽታው ያልነካው ብቻ ነው።

ጠፋ የፈላጊው ቃል ነው። ልጁ ከቤት ጠፋ የምትለው እናቱ ናት። የሚገርመው ልጁም አድጎ ሲያወራው «ጠፍቼ ሄድኩ» ይላል፣ የት እንዳለ እሱ ራሱ እያወቀ! ኮበለለም እዚሁ ጎረቤት ነው፤ በሰው ሥር ለሚኖር ልጅ ወይም ሎሌ ይሆናል። ወታደር ከሆነ ከዳ በለው።

ለቀቀ የያዝከውን መተው ነው፤ ቤት፣ ሥራ፣ ሥልጣን። ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ሁኔታው አስገድዶት ቢሆንም ያው ለቀቀ ነው። «ን»ን ልብ በል፦ ዙፋኑን ለቀቀ፣ ከዙፋኑ ወረደ። ዜና ላይ «ከሥልጣን ለቀቁ» ሲባል በየቀኑ እሰማለሁ፣ እኔ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል፤ ግን በጣም ስለተለመደ ስህተት ነው ብዬ ክርክር አልገጥምም።

ስለ ኢየሱሳውያኑ የካቶሊክ ሚስዮናውያንም ጽፈህ ከሆነ፣ ፋሲለደስ በ1620ዎቹ ከአገር አባረራቸው እንጂ «ወጡ» አይበቃም። ወጡ ካልክ ጉዳያቸውን ጨርሰው ተሰናብተው የሄዱ ይመስላል። ተሰደዱ ማለትም ትችላለህ፣ ግን ይሄኛው ሐዘኔታ አለበት፤ የአንተ ጽሑፍ ለማን እንደሚያዝን አንተ ነህ የምታውቀው።

ሹልክ አለ፣ እብስ አለ፣ ላሽ አለ የሚሉት ስለ አካሄዱ ነው የሚያወሩት። ከስብሰባ መሀል ማንም ሳያይህ ስትወጣ ሹልክ አልክ። ድንገት ከዓይን ስትሰወር እብስ አልክ። ላሽ የከተማ ልጆች ነው፤ ፒያሳ ቡና ላይ ከጓደኞችህ ጋር እንደፈለግህ። «ሱስንዮስ ላሽ አለ» ብለህ ግን እንዳትጽፍ፤ ጎብኚዎቹ ቢስቁልህም ቀሳውስቱ አይስቁልህም።