«አንድ ደቂቃ ምን ታመጣለች» የሚል ባል

ሰላም እህቴ፣ ትዕግስቴ አልቆ ነው የምጽፍልሽ። ባሌ ሌሊት ለስራ ሲነሳ ልብስ ፈልጎ የመኝታ ቤቱን ትልቁን መብራት ቦግ ያደርገዋል፣ የስልክህን አብራ ስለው «አንድ ደቂቃ ምን ታመጣለች» ይለኛል፣ እኔ ግን እንደነቃሁ ቀረሁ ማለት ነው። ዝም ብዬ አይደለም የምነጫነጨው፣ አንብቤያለሁ። አንጎል ውስጥ ፓይኒያል የምትባል እጢ አለች፣ ሜላቶኒን የሚሉትን የሌሊት ሆርሞን የምትሰራበት ኢንዛይም ማታ ነው የሚነሳው፣ አይጦች ላይ ሌሊት መብራት ሲበራ በደቂቃዎች ውስጥ በግማሽ ይወርዳል። ይሄን ሳነብለት ሳቀ! እርግጥ እሱ ሳያበራም አቴኖሎል የሚሉትን የግፊት ኪኒን ከጀመርኩ ወዲህ ማታ ውጬው ጋደም ስል ስገላበጥ ነው የማመሸው፣ ያው ዕድሜም ይሆናል። ያቃጠለኝ መብራቱ ነው። አሁን አሁንማ ድምፁም ያስጠላኛል። ሌላ ክፍል ልግባ? ገብቼ መመለስ ቢያቅተኝስ?

እንቅልፍ ያጣሁት

መልስ

የኔ እህት፣ ባልሽ ስርዓት የለውም፣ እሱ አያከራክረንም። እኔን ያላስተኛኝ በዕድሜ አሳበሽ ያለፍሽው ኪኒን ነው።

ስለ ኢንዛይሙ ካነበብሽ አይቀር እስከ ጥጉ ብታነቢው ምን ነበረበት? ሲጨልም አንጎል ውስጥ ያለው ሰዓት መልእክቱን ዙሪያ ጥምጥም ነው የሚልከው፣ ወደ ህብለ ሰረሰር ወርዶ በአንገት ነርቮች በኩል ተመልሶ ይወጣና እጢዋ ጋ ሲደርስ ኖርአድሬናሊን የሚባል የነርቭ መልእክተኛ ይለቃል። ኖርአድሬናሊኑ ቤታ የሚባሉትን ተቀባዮች ሲነካ ነው ያ ኤን-አሴቲልትራንስፈሬዝ የሚሉት ኢንዛይም ተነስቶ ሴሮቶኒን የተባለውን ኬሚካል ወደ ሜላቶኒን መንገድ የሚያስገባው። (ከሱ ቀጥሎ የሚሰራው ኢንዛይም ቀንና ሌሊት ያን ያህል አይለያይም፣ ወሬው ሁሉ የመጀመሪያው ላይ ነው።) አቴኖሎል ደግሞ ስራው ምንድነው? ቤታን መዝጋት! ልብሽ ላይ ብቻ የሚቆም መስሎሽ ነበር? የዚህ ዓይነት መድኃኒት የሌሊቱን ሜላቶኒን እንደሚቀንስ በሰው ላይ የታየ ነገር ነው።

መብራቱን በተመለከተ ደግሞ አንቺ አይጥ አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ1980 ብርሃን የሰውን ሜላቶኒን እንደሚያፍን ሲታይ የተጠቀሙት 2500 ለክስ (የብርሃን መለኪያ ነው)፣ ከመኝታ ቤት መብራት እጅግ የደመቀ ነበር፣ ደብዘዝ ያለውም ለሰዓታት ሲበራ እንደሚቀንሰው በኋላ ታይቷል፣ የአንድ ደቂቃ መብራት ግን ይቀሰቅስሻል እንጂ የሌሊቱን ሆርሞን ጠራርጎ አይወስድብሽም።

ኪኒኑን በራስሽ እንዳታቆሚ፣ በድንገት ሲቆም ልብ ላይ አደጋ አለው። ሐኪምሽ ጋ ሂጂና እንቅልፍሽ የተበላሸው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ንገሪው፣ ይቀየርልሽ ወይ ሜላቶኒን ይታዘዝልሽ እንደሆነ እሱ ይወስን፣ ገዝተሽ መዋጥ የለም።

ክፍሉን ግን አትለዪ። ሌሎች ይስማማሉ አይስማሙም አላውቅም፣ እኔ እንቅልፍ ያጣች ሴት ትዳሯን ስትመዝን አላምናትም፣ ድምፁ ያስጠላሽ እሱ ስለተለወጠ ነው ወይስ ስላልተኛሽ? መጀመሪያ ተኚ። እሱ ደግሞ የጠዋት ልብሱን ማታውኑ ሳሎን አውጥቶ ይደር።